ባሕር ያላየች አመልካች

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። የማወራውም ሰሞኑን እንቅልፍ ስለነሳኝ ጉዳይ ነው። ውጭ ሀገር የባሕር ሥነ ሕይወት ለመማር ላመለክት ነው። ይህን የሰማ ዘመድ ሁሉ ሁለት ነገር ይጠይቀኛል። «ባሕር የሌላት ሀገር ልጅ ሆነሽ ይህን ምን አመጣው?» ይላል፤ ቀጥሎ ደግሞ «ውጤትሽ ስንት ነው?»

ከኋለኛው ልጀምር። እኛ በመቁረጫ ነጥብ ያደግን ሰዎች ነን። ነጥቡን ያለፈ ይገባል፤ ያላለፈ ይቀራል፤ አለቀ። ስለዚህ ወደ ውጭ ስናመለክትም ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው ትራንስክሪፕታችን ላይ ነው። 3.2 ያስገባል? 3.5 ቢሆንስ? የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኛውን ጊዜ እንደ መነሻ የሚያስቀምጡት 3.0 ነው። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በላይ ያለው ፉክክር ጠንካራ ነው፤ እንደ ስክሪፕስ ያለ በ1903 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ስመ ጥር የውቅያኖስ ምርምር ተቋም ደግሞ በየዓመቱ ጎበዝ አመልካች አያጣም።

ነገር ግን እዚያ እንደ እኛው ነጥቡን ስላለፉ ብቻ መግባት የለም። በተለይ ለሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ የሚገባው አንድ ፕሮፌሰር ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ደመወዙ የሚከፈለውም ብዙ ጊዜ ፕሮፌሰሩ ካገኘው የምርምር ገንዘብ ነው። ያ ገንዘብ ዘንድሮ ካለቀ፣ ወይም ፕሮፌሰሩ ጡረታ ሊወጣ ከሆነ፣ 4.0 ይዞ የመጣም በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። አሜሪካውያን ሌላ መውጫ አላቸው፤ የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ለተመራቂ ተማሪዎች የሚሰጠው ድጋፍ አለ። እሱ ግን ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው፤ እኔን አይመለከትም። እንግዲህ «ዕድሌ ስንት በመቶ ነው?» ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ብጨነቅ፣ መልሱ ያለው እኔ በማላየው የሰው በጀት ውስጥ ነው። የሚሻለው ሰውየውን በቀጥታ መጠየቅ ነው፤ «በሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ይቀበላሉ?» ብሎ በጨዋ ቋንቋ መጻፍ።

ደብዳቤው ላይ ነው ያለው ትልቁ ሥራ። ከጓደኞቼ የተላኩልኝ ናሙናዎች አብዛኞቹ «ከልጅነቴ ጀምሮ ባሕርን እወዳለሁ» ብለው ይጀምራሉ። እኔ ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም! ስለዚህ ያንን መስመር ሰርዤ የማውቀውን ጻፍኩ።

የማውቀው የጣናን ዓሣ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት ላቤዮባርበስ በሚባሉት ዓሣዎች ላይ ነው። ጣና ውስጥ ወደ 15 የሚጠጉ ዝርያዎች አሏቸው፤ እንዲህ በአንድ ሐይቅ ውስጥ የበዙ ዘመዳሞች ዓሣዎች ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ ሐይቅም ነበሩ፤ እነዚያ አብዛኞቹ ከጠፉ ወዲህ የጣናዎቹ በዓለም ላይ አቻ የላቸውም ይባላል። ብዙዎቹ በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ወንዞች ይወጣሉ። መረቡም የሚጠብቃቸው እዚያው የወንዙ አፍ ላይ ነው። ጎህ ሲቀድ ጀልባ ላይ ሆኜ መረብ ስናወጣ የሚመጣው ዓሣ ሆዱ በእንቁላል የተወጠረ ነው። እንቁላሉን አውጥቼ እመዝናለሁ፤ ቁጥሩን በእርሳስ እጽፋለሁ፤ ውኃ የነካው ወረቀት ላይ እስክሪብቶ አይሆንም።

ካሪቢያን ባሕር ውስጥ ናሳው ግሩፐር የሚባል ዓሣ አለ። በብርዱ ወራት፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን፣ ለመራባት በሺዎች ሆኖ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ዓሣ አስጋሪዎች ቦታውንም ቀኑንም አወቁት፤ ዛሬ ከእነዚያ መሰብሰቢያዎች ብዙዎቹ ባዶ ናቸው። ጉማራ አፍ ላይ ያየሁት ነገር ይኸው ነው። ውኃው ጨው ሆነ እንጂ ጥያቄው አንድ ነው፤ ለመራባት አንድ ቦታ የሚሰበሰብን ዓሣ እንዴት እናስግር፣ መቼስ እንከልክል? ለፕሮፌሰሮቹ የጻፍኩት ይህንን ነው። ለአጎቴ «ባሕር ሳይኖረን» ጥያቄም ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

አውሮፓ አካሄዱ ሌላ ነው። የቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተባብረው የባሕር ሀብት ማስተርስ አለ፤ እዚያ የሚመርጠው ኮሚቴ ነው፤ ስለዚህ ትራንስክሪፕቱ ይከብዳል፤ የነጻ ትምህርት ዕድሉ ደግሞ ከአመልካቹ እጅግ ያንሳል። ከጅዳ በስተሰሜን፣ ቀይ ባሕር ዳር ቱዋል ላይ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የንጉሥ አብዱላህ ዩኒቨርሲቲም አለ፤ የተቀበለውን ተማሪ ክፍያ ሳይጠይቅ፣ ወርኃዊ ድጎማና ቤት ሰጥቶ ያስተምራል። ጅዳ ሲባል ቤተሰቤ የሚያስበው የቤት ሠራተኝነት ነው፤ «ለትምህርት ነው» ብዬ ሦስቴ ማስረዳት ነበረብኝ።

የአሜሪካዎቹ ማመልከቻ አብዛኛው በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ መጀመሪያ ይዘጋል፤ የአንዳንዱ ክፍያ ከ100 ዶላር በላይ ነው። እዚህ ሆኖ ዶላር መክፈል ምን ያህል ጣጣ እንዳለው ለእናንተ አልነግራችሁም። ባለፈው ሳምንት ከጻፍኩላቸው አንዱ መለሰልኝ፤ ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ለሚቀጥለው ዓመት ገንዘብ የለኝም፣ ለእኔ ብለሽ ለዩኒቨርሲቲው አታመልክቺ አለኝ። ስሙን ከዝርዝሬ ሰረዝኩ። ክፍያው ተረፈልኝ፤ በእሱ ፈንታ ግሩፐር ላይ የሚሠራ ሌላ ሰው እየፈለግሁ ነው።