ባለ ኮካው እንስራ

እሺ... እየቀዳ ነው? ነው። ያው ብርድ ልብስ ውስጥ ነኝ፣ የጦሳ ተራራን ንፋስ ታውቁታላችሁ። ዶሮው ከጮኸም አልቆርጠውም፤ እሱም የፕሮግራሙ አባል ሆኗል።

የእንስራውን ነገር ነው የማወራው። አዎ፣ ቀባሁት። ፎቶውን ያያችሁ ስቃችኋል፣ እኔም ስቄ ነበር።

አይ ዌይዌይ የሚባለው ቻይናዊ አርቲስት፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የሃን ዘመን ማሰሮ ላይ፣ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ የቆየ ሸክላ ላይ፣ በቀይ ኮካ ኮላ ብሎ ጻፈበት። በ1995 ደግሞ ሌላውን ከእጁ ለቆ ሲከሰከስ ፎቶ ተነሳ። እኔ በአማርኛው ጻፍኩ፣ ጠርሙሱ ላይ እንዳለው። የእንስራ ሆድ ግን አያስጽፍም፤ "ላ" ላይ ስደርስ መስመሩ ሽቅብ ሸሽቷል።

እማ ከሰኞ ገበያ ገባች። ፌስታሉን እንኳ አላስቀመጠችም። አየችው። ዝም ብላ አየችው። እኔ ቁጣ ጠብቄ፣ ጥበብ ምናምን የሚል ንግግር አዘጋጅቼ...

"ስንት ከፈሉህ?"

"እነማን?"

"ባለ ኮካዎቹ።"

"ኧረ ማንም አልከፈለኝም፣ እማ።"

"በነፃ ነው?"

አለችና አውራ ጣቷን የእንስራው ትከሻ ላይ አሳለፈች። አያቴ ከምንጭ ውሃ ስታመላልስበት ገመዱ የሞረደው፣ የለሰለሰ ቦታ አለ። ቀለሜ ግማሹን ሸፍኖታል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስዳስሰው ቆይቼ አላየሁትም እኮ!

"በነፃ ነው?" ድምጿን ልምሰልላችሁ ብል አይመጣልኝም። ሽሙጥ ከሆነ አንጀት ይቆርጣል። ካልሆነ...

ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ያለችው የሚሎዋ ቬኑስ፣ እጅ የሌላት ሐውልት፣ እሷን ማስታወቂያ ቢለጥፉባት ማን ይከፋዋል? በእሷ ውሃ የቀዳች አያት የለችም፣ ብዬ ነበር። ግን የሃኑም ማሰሮ የሆነች ሴትዮ ዕቃ ነበር እኮ። ባለቤቷ ስለሞተች ነው የምንስቀው? ወይስ... ተዉት፣ ፍልስፍና አይሆንልኝም።

ትናንት በቤንዚን ፈተግኩት። ሸክላው ለካ ቀለሙን ጠጥቶታል፤ ቀዩ ሮዝ ሆኖ ቀረ፣ ቤቱ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ። እማ መስኮቱን ከፈተችና "ተወው፣ ባሰበት" አለች። ጽሑፉንም ወደ ግድግዳ አዞረችው።

ዛሬ ጠዋት ስነሳ ግን ወደ በሩ ዞሯል። እኔ አልነካሁትም። ቡና ላይ ልጠይቃት ብዬ... ስለ ቲማቲም ዋጋ አወራን። ስትጠርግ ዞሮባት ይሆናል። እንጃ። ቆይ፣ እየጠራችኝ ነው መሰለኝ... አቤት፣ እማ!