«አንድ ዋሄጉሩ ጨምሩልኝ»

እንደምን አመሻችሁ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ። የዕረፍት ቀናችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

በየወሩ ስለ አንድ የጎረቤት እምነት እንጨዋወት ተባብለን የለ? ለእኔ የደረሰኝ የሲኮች ነው። አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ የሃይማኖት ሊቅ አይደለሁም። ሹፌር ነኝ። እዚህ ዱባይ ጥምጥም ከሚያስሩት ከሲኮች ጋር ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አብሬ በልቻለሁ፣ ጠይቄአለሁ፣ የቻልኩትን አንብቤአለሁ።

መጀመሪያ በራሴ ላስቃችሁ። ጀበል አሊ፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተ ትልቅ ጉርድዋራ አለ። ጉርድዋራ የሲኮች ቤተ ጸሎት ነው። አንድ ባልደረባዬ «ና ምሳ እንብላ» ብሎ ወሰደኝ። ምግቡን ላንጋር ይሉታል። ለመጣ ሁሉ ነው፣ በነጻ። ዘርህን፣ ሃይማኖትህን የሚጠይቅ የለም። ጫማችንን አውልቀን፣ ራሳችንን ሸፍነን ወለሉ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ቂጣ የያዙ አንድ ሽማግሌ በፊታችን እያለፉ «ዋሄጉሩ፣ ዋሄጉሩ» ይላሉ። ቂጣው ጣመኝ። ተመልሰው ሲመጡ ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ በዚያች በተሰባበረች ሂንዲዬ «አንድ ዋሄጉሩ ጨምሩልኝ» አልኳቸው። ባልደረባዬ በሳቅ ሊሞት! «ወንድሜ፣ የቂጣው ስም እኮ አይደለም። የፈጣሪ ስም ነው» አለኝ። ሽማግሌው ግን ምንም አላሉም። ሁለት ቂጣ ጣል አድርገውልኝ አለፉ።

ሰውዬው ቂጣ እያደሉ ይጸልዩ ነበር ማለት ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ነው።

ሲኮች ናም ሲምራን ይሉታል። ናም ስም ነው። ሲምራን ደግሞ ማስታወስ። በእኛ ቋንቋ ዝክር የሚለው ቃል በጣም ይቀርበዋል፤ ሙስሊሞቻችንም ዚክር ይላሉ። ችግሩ፣ እኛ ዘንድ ዝክር ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን ዳቦና ጠላው ነው። የእነሱ ዝክር ቀኑን ሙሉ ነው።

እምነቱን የጀመረው ጉሩ፣ ማለትም መምህር፣ ናናክ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1469 ነው። የትውልድ ቦታው ዛሬ ናንካና ሳሂብ ይባላል፣ ፓኪስታን ውስጥ ነው። ወጣት ሳለ ሱልጣንፑር በምትባል ከተማ የአገረ ገዢው የእህል ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሲኮች ስለዚህ ጊዜ አንድ ታሪክ ይተርካሉ። በቋንቋቸው በፑንጃቢ «ቴራ» ማለት አሥራ ሦስት ነው። «የአንተ» ማለትም ነው። ናናክ እህል ሲሰፍር አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ብሎ ቴራ ላይ ሲደርስ ልቡ ወደ ፈጣሪው ይሄዳል። ከዚያ «የአንተ፣ የአንተ፣ የአንተ» እያለ መስፈሩን ይቀጥላል። ግምጃ ቤቱን አራቆተው ተብሎ ተከሰሰ። ሲቆጠር ግን የጎደለ አልተገኘም።

እኔ ይህን ታሪክ የምወደው በተአምሩ አይደለም። መስፈሪያውን ከእጁ ስላላስቀመጠ ነው። ጫካ አልገባም። ኋላ ላይ ዓለምን የናቁ ባሕታውያን «ወተት ውስጥ ሆምጣጤ ለምን ጨመርክ?» ብለው ነቀፉት ይባላል። ቅዱስ ሆነህ እንዴት እንደ ባለትዳር ትኖራለህ ማለታቸው ነው። የእሱ መልስ ቀላል ነበር። ቤታችሁን ጥላችሁ ወጣችሁ፣ ግን ለልመና የምትሄዱት ወደ ባለትዳሮች ደጅ ነው አላቸው። የሲኮች መሠረት የሆኑት ሦስቱ ነገሮችም ከዚሁ ይመነጫሉ፦ ስሙን አስብ፣ ሠርተህ ብላ፣ ያለህን አካፍል።

ስሙስ የትኛው ነው? ብዙዎቹ ዋሄጉሩ ይላሉ። ቅዱስ መጽሐፋቸው ግን በአንድ ስም አይወሰንም። ሂንዱዎች እንደሚሉት ራም ይላል፣ ሃሪ ይላል፣ አላህም ይላል። 1430 ገጽ ነው። ውስጡ የሲክ ጉሩዎች መዝሙር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሸማኔው ካቢር፣ የጫማ ሠሪው ራቪዳስ፣ የሙስሊሙ ሼክ ፋሪድ መዝሙሮችም አሉ። በእኛም አገር ሸማኔና ፋቂ ምን ይባሉ እንደነበር ታውቃላችሁ። እዚያ ሰው ሁሉ ለቃላቸው ይሰግዳል።

ታዲያ ስም መደጋገም ብቻውን ምን ይጠቅማል? ይህን ጥያቄ እነሱም ጠይቀውታል። ሦስተኛው ጉሩ አማር ዳስ፣ ሁሉም ሰው ራም ራም ይላል፣ በማለት ብቻ ግን ራም አይገኝም ብሏል። በሽታው ሃውማይ ነው ይላሉ። እኔ፣ እኔ፣ እኔ ማለት። አፍ ስሙን እየጠራ ልብ «እኔ» እያለ ከሆነ ጉንጭ ማልፋት ነው። ናናክ በጠዋቱ ጸሎት፣ በጃፕጂ ውስጥ፣ የልብስ አጣቢ ምሳሌ ሰጥቷል። እጅና እግር ሲቆሽሽ ውኃ ያጠራዋል። ልብስ ሲያድፍ ሳሙና አለው። በኃጢአት ያደፈ ልብ ደግሞ የሚታጠበው በስሙ ነው። ሳሙናን አንዴ ተጠቅሞ የሚበቃው ሰው የለም መቼም።

ባልደረባዬ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሳል። ከንጋት በፊት ያለውን ጊዜ አምሪት ቬላ ይሉታል፣ ለጸሎት የተመረጠ ሰዓት ነው። ይታጠባል። አልጋው ላይ እግሩን አጣጥፎ ይቀመጣል። ትንፋሹን ሲያስገባ «ዋሄ»፣ ሲያስወጣ «ጉሩ»። ከዚያ መኪናውን ያስነሳል። መንገድ ሲዘጋጋ እኔ ክላክስ ላይ እተኛለሁ፣ የእሱ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። አንድ ቀን «በቀን ስንት ጊዜ ትለዋለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ። መልስ አልሰጠኝም።

መልሱን በኋላ ናምዴቭ ከሚባል ሰው አገኘሁት። ከናናክ በፊት የኖረ፣ ጨርቅ ላይ ጥለት የሚያትም ሠራተኛ ነው፤ መዝሙሮቹ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ገብተዋል። ካቢር እንደሚለው፣ ትሪሎቻን የተባለ ጓደኛው ጨርቅ ላይ አጎንብሰህ ፈጣሪን ለምን ትረሳለህ ብሎ ወቀሰው። ናምዴቭም እጅና እግርህ ሥራውን ይሥራ፣ ልብህ እሱ ዘንድ ይሁን አለው። በራሱ መዝሙር ደግሞ ምሳሌ ይደረድራል። ከጓደኞቹ ጋር እያወራ ዓይነ ልቡን ከወረቀት ካይቱ ክር የማይነቅል ልጅ። ውኃ ቀድተው እየተሳሳቁ የሚመለሱ፣ ልባቸው ግን እንስራው ላይ የሆነ ልጃገረዶች። ይህቺን እናውቃታለን። ቀጥሎ እናት ትመጣለች። ልጇን እሽሩሩ ብላ አስተኝታለች። ትወጣለች፣ ትገባለች፣ የቤቷን ሥራ ትሠራለች። ልቧ ከልጁ ዘንድ ነው።

እዚህ ስደርስ መጽሐፉን አጠፍኩት። እዚህ ከተማ የማውቃቸው እህቶች መጡብኝ። የሌላ ሰው ልጅ እያጠቡ፣ የሌላ ሰው ቤት እየወለወሉ፣ ኮምቦልቻ ወይም ጅማ ከአያቱ ጋር የቀረውን ልጃቸውን የሚያስቡ። ከእነሱ አንዷን «ዛሬ ስንት ጊዜ አስታወስሽው?» ብላችሁ ጠይቋት እስቲ።

ባልደረባዬ ለምን እንደሳቀብኝ ያኔ ገባኝ።

ሻይ ደርሷል መሰለኝ። ጥያቄ ያለው እዚያው ያግኘኝ። አመሰግናለሁ።