ምስጢሩ የቧንቧ ውሃ ነበር

[ምስል፦ አዳማ፣ ቀትር። የቆርቆሮ ጣሪያ ከቅርብ።]

ስሙት እስኪ። ጣሪያው እየተንጣጣ ነው። አዳማ ላይ ፀሐይዋ ከበረታች ቆርቆሮ ዝም አይልም። የግቢያችን የብረት በርም ጠዋት እሺ ብሎ ይዘጋል፤ ሰባት ሰዓት ላይ ግን በትከሻ ካልገፉት ወይ ፍንክች። በያጅ ጠራን። በሩን በመዳፉ ዳሰስ አደረገና፣ «ክፍተት ሳትሰጡት ነው ያስገጠማችሁት፤ ብረት ሲሞቅ ቦታ ይፈልጋል» አለን።

ስለ በር ላወራችሁ አልመጣሁም። በዓለም ላይ በከባድ ምስጢር ከተሠሩ አውሮፕላኖች አንዱን ያስጨነቀው ጣጣ ይኸው ነው።

[ምስል፦ ረጅም፣ ጥቁር፣ ጠፍጣፋ አውሮፕላን።]

ሠሪዎቹ ስካንክ ወርክስ ይባላሉ፤ የአሜሪካው የሎክሂድ ኩባንያ ምስጢራዊ ክፍል። ሥራውን የጀመረው በ1943 ነው፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በርባንክ ላይ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ጦሩ የጄት ተዋጊ አውሮፕላን በ180 ቀን ሥሩልኝ አለ። ኬሊ ጆንሰን የሚባለው አለቃ በ143 ቀን አደረሰ። ቢሯቸው የሰርከስ ድንኳን ነበር፣ ያውም በኪራይ፣ ያውም ከሚሸት የፕላስቲክ ፋብሪካ አጠገብ። ስማቸውም ከዚያው ሽታ የወጣ ቀልድ ነው፤ ስካንክ ጠረኗ የማይቻል ትንሽ አውሬ ናት።

ጆንሰን ሰው ማብዛት አይወድም ነበር። ስብሰባና ሪፖርትም እንደዚያው። መሐንዲሱ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ወዲያው ብረቱ ዘንድ መድረስ አለበት ባይ ነበር።

[ምስል፦ መሬት ላይ ጠብ ጠብ የሚል ነዳጅ።]

ያ ጥቁር የስለላ አውሮፕላን፣ ኤስአር-71፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በታኅሣሥ 1964 በረረ። በ1976 በሰዓት 3,529 ኪሎ ሜትር ገስግሶ ክብረ ወሰን ያዘ። በዚህ ፍጥነት ከአዳማ አዲስ አበባ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። እኛ ቱሉ ዲምቱ ላይ ስንቆም አስቡት! በዚያ ፍጥነት አየሩ ራሱ አካሉን ከ260 ዲግሪ በላይ ያግለዋል። ስለዚህ አካሉን ቲታኒየም ከሚባል ሙቀት ቻይ ብረት ሠሩት፤ መጋጠሚያዎቹንም ሆን ብለው ላላ አደረጓቸው። ሲግል ይገጥማል። መሬት ላይ ቀዝቅዞ ሲቆም ግን ነዳጁ ያንጠባጥባል። ደግነቱ ነዳጁ ክብሪት ቢጭሩበት እንኳ በቀላሉ የማይቀጣጠል ዓይነት ነበር።

ቲታኒየሙ ከየት መጣ? በብዛት ከሶቪየት ኅብረት! በደላላ፣ በሽፋን ኩባንያ ገዙት። ሻጩ ለምን እንደሚፈለግ አላወቀም።

አሁን ወደምወደው ክፍል። በብየዳ የተያያዙ የክንፍ ቁራጮች ቶሎ ይበላሹ ጀመር። መዝገብ ሲያገላብጡ ግራ የሚያጋባ ነገር ወጣ፤ በብርዱ ወራት የተበየዱት ጤነኛ ናቸው፣ በሙቀቱ ወራት የተበየዱት ናቸው የሚበላሹት። ያው ሠራተኛ፣ ያው ማሽን። ለካስ የበርባንክ ከተማ ውሃ ውስጥ አልጌ እንዳይበቅል በሙቀቱ ወራት ክሎሪን በብዛት ይጨመር ነበር። ቁራጮቹ ደግሞ የሚታጠቡት በዚሁ የቧንቧ ውሃ ነበር። ክሎሪንና ቲታኒየም አይስማሙም። በተጣራ ውሃ ማጠብ ጀመሩ፣ ተገላገሉ። መፍቻዎቹም ጉድ አምጥተዋል፤ ካድሚየም በሚባል ብረት የተለበጡት የነኩት ቡሎን ሲግል አናቱ እየተቆረጠ ይወድቅ ነበር። ሳጥን በሳጥን ፈትሸው አስወገዷቸው።

ሰው ስለ ኤሪያ 51፣ ስለ አሜሪካው ምስጢራዊ የአውሮፕላን መሞከሪያ ጣቢያ፣ ሲያወራ ከሌላ ዓለም ስለመጡ ፍጡራን ነው የሚያነሳው። እኔን ግን ይሄ የውሃ ጉዳይ ይበልጥ ይገርመኛል።

ምስጢር መጠበቁንስ ችለውበታል። ከራዳር የሚሰወረው ኤፍ-117 በ1981 በረረ፤ መኖሩን መንግሥት ያመነው በ1988 ነው። ሰባት ዓመት! እኛ ሰፈር ሽምግልና ተልኮ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ይሰማል።

[ምስል፦ የግቢው በር፣ ማታ።]

በያጃችን የበሩን ጠርዝ በግራይንደር ትንሽ ፋቀለት። አሁን ሰባት ሰዓት ላይም በጣት ይዘጋል። ማታ ሲቀዘቅዝ ግን ላላ ይልና የአዳማ ንፋስ ሲያንኳኳው ያድራል።