የደመወዝ ወለል ክርክር፦ ከመጠይቅ እስከ ግድግዳ ሥዕል

[ምስል፦ ጥቅል ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ የቀለም ብልቃጦች]

ዝቅተኛው የደመወዝ ወለል፣ ማለትም ቀጣሪ ከዚያ በታች እንዳይከፍል በሕግ የሚወሰነው ክፍያ፣ ከፍ ይበል ሲባል አንዱ «ሠራተኛው በልቶ ማደር አለበት» ይላል፤ ሌላው «ቀጣሪው ሰው ይቀንሳል»። ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ብቻ ከተከራከሩ ድምፁ የጎላው ይረታል። ስለዚህ መጠይቅ ይዛችሁ ውጡ።

[ምስል፦ የኒው ጀርሲና የፔንሲልቬንያ ካርታ]

በኤፕሪል 1992 እ.ኤ.አ. የአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ወለሉን በሰዓት ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር አሳደገች፤ ጎረቤቷ ፔንሲልቬንያ አልነካችውም። የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር በሁለቱ ግዛቶች 410 የፈጣን ምግብ ቤቶችን ከጭማሪው በፊትና በኋላ አጠኑ፤ ጭማሪው ቅጥር ቀነሰ የሚያሰኝ ነገር አላገኙም። ሌሎች ተመራማሪዎች ሞግተዋቸዋል። ለእናንተ የሚጠቅመው ዘዴው ነው፦ ማወዳደሪያ ከሌለ ገበያው በራሱ ያመጣውን ለውጥ በደመወዙ ታሳብባላችሁ።

[ምስል፦ የመጠይቅ ቅጽ]

«ደመወዝዎ ስንት ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ሰው ይሸሻል። መጀመሪያ የሥራ ሰዓት፣ ቀጥሎ ወጪ፣ በመጨረሻ ገቢ፣ እሱም «ከዚህ እስከዚህ» በሚል እርከን። አንዱ የወሩን፣ ሌላው የቀኑን፣ ሦስተኛው ግብር ተቆርጦ እጁ የገባውን ይነግራችኋል። የቱን እንደሆነ ካልመዘገባችሁ ቁጥሮቹ አይደመሩም። የሰዓቱን ክፍያ ለማግኘት የወር ደመወዝን በ12 አባዙ፣ ለ52 አካፍሉ፣ ከዚያ ለሳምንቱ የሥራ ሰዓት። በአቋራጭ ለ4 የሚያካፍል የሳምንቱን ገቢ 8 በመቶ ያህል ያሳብጣል።

ትልቁ ጉድለት ግን ያልተጠየቀው ሰው ነው። ሥራ ላይ ያሉትን ብቻ ካነጋገራችሁ፣ የተባረረውና ያልተቀጠረው ከጥናቱ ውጭ ቀሩ። ሥራ ፈላጊዎችንም ጠይቁ። ቀጣሪዎችን «ሰው አሰናበታችሁ?» ከማለት ጋር «ሰዓት ቀነሳችሁ?» በሏቸው፤ ቅነሳው ብዙ ጊዜ እዚያ ይደበቃል።

[ምስል፦ እጆች ካሬዎችን ሲቀቡ]

ያገኛችሁትን በግድግዳ ሥዕል ለማሳየት የአንድን ሠራተኛ የ40 ሰዓት ሳምንት ውሰዱ፦ 2 ሜትር ርዝመት ያለው ወረቀት በ5 ሴንቲ ሜትር ስትከፍሉት 40 ካሬ ይወጣዋል፤ እያንዳንዱ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ኪራዩ የ16 ሰዓት ገቢ ከበላ 16ቱን በአንድ ቀለም ቅቡ፣ ምግቡን በሌላ። ወጪው ከ40 ካለፈ ወረቀት ቀጥሉበት፤ ዕዳው ከማዕቀፉ ወጥቶ ይንጠልጠል። ገቢ እጥፍ መሆኑን ለማሳየት ሳንቲም ስላችሁ ቁመቱን እጥፍ አታድርጉ፦ ስፋቱም አብሮ ስለሚያድግ ዓይን አራት እጥፍ ያያል።

በጎኑ የቀጣሪውን ወረቀት ስቀሉ፦ ከ100 ካሬ ስንቱ ለደመወዝ፣ ስንቱ ለዕቃ፣ ስንቱ ለኪራይ። ስምና የሥራ ቦታ አትጻፉ፤ ሦስት ሰው ብቻ ባለበት ድርጅት የሥራ መደቡ ራሱ ማንነትን ያጋልጣል።