ፈርሞ የወጣ ሁሉ ሠልጥኗል?

[ምስል፦ ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጡ ሠራተኞች፤ ግድግዳው ላይ ስላይድ ያልፋል።]

የሥራ ደህንነት ሥልጠናው ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሠራተኞቹ አቴንዳንስ ላይ ፈረሙ፤ ወረቀቱም ፋይል ውስጥ ገባ። ድርጅቱ «አሠልጥኛለሁ» ለማለት ይህ ይበቃው ይሆናል። እኛ የምንጠይቀው ግን ሌላ ነው፦ ነገ ማሽኑ ሲያዝ የሠራተኛው እጅ ምን ያደርጋል?

[ምስል፦ የቆመ ማጓጓዣ ቀበቶ፤ ከሥሩ የተወተፈ ጨርቅ።]

ጨርቅ ተወትፎ ማጓጓዣው ቆመ እንበል። ማጥፊያውን ብቻ ተጭኖ እጅ መስደድ አደገኛ ነው፤ ሌላ ሰው ሳያውቅ ሊያስነሳው ይችላል። በደንብ የሠለጠነ ሠራተኛ ኃይሉን ከዋናው ማብሪያ ያቋርጣል፣ የራሱን ጓጉንቸር ይቆልፍበታል፣ ስሙ ያለበትን ካርድ ያንጠለጥላል፣ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። የታመቀ አየር ካለ ያስተነፍሳል። ሊወድቅ የሚችል ነገር ካለም ያወርደዋል ወይም ይደግፈዋል። ከዚያ ማስነሻውን ይጫናል፤ ማሽኑ በእርግጥ አለመነሳቱን አይቶ ማስነሻውን ወደ ቦታው ይመልሳል። እጁን የሚሰደው ይሄኔ ነው።

ይህችን ማስነሻውን የመሞከር ነገር በስላይድ ብቻ ያያት ሰው በጥድፊያ ይዘላታል። ደጋግሞ በእጁ የሠራት ግን ሳያስብ ያደርጋታል።

እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ፣ 95 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራም ወደዚሁ ያመለክታል። ሠራተኛው እየሠራ፣ እየጠየቀ፣ እየተራረመ የሚሳተፍበት ሥልጠና ቁጭ ብሎ ከማዳመጥ ይልቅ እውቀትን ይጨምራል፤ አደጋንም ይበልጥ ይቀንሳል።

[ምስል፦ መከለያው የተነቀለ ማሽን።]

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሌላ ግምገማ ደግሞ ሥልጠና የሠራተኛውን አሠራር እንደሚለውጥ ጠንካራ ማስረጃ አገኘ። ጉዳትን ብቻውን እንደሚቀንስ ግን በቂ ማስረጃ አላገኘም። እኔን ይህ አይገርመኝም። ሠልጥኖ የተመለሰው ሰው መከለያው የተነቀለ ማሽን ከጠበቀው፣ አለቃውም «ቶሎ በል፣ ምርት ቆመ!» እያለ ከጮኸበት፣ የተማረውን በምን አቅሙ ይተግብር?

ለዚህም ነው የደህንነት ባለሙያዎች ቅደም ተከተል ያላቸው። መጀመሪያ አደጋውን ማስወገድ፣ ካልተቻለ ባነሰ አደገኛ ነገር መተካት፣ ቀጥሎ መከለል ይመጣል። ሥልጠናና ደንብ ከዚህ በኋላ ናቸው፤ ጓንትና ሔልሜት መጨረሻ ላይ። መከለያ መግጠም ሲቻል በሥልጠና ብቻ ማለፍ ኃላፊነትን ሠራተኛው ትከሻ ላይ መጣል ነው፤ ትክክል አይደለም።

[ምስል፦ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጓጉንቸር።]

ሥልጠናችሁ መሥራቱን ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ በዕለቱ የሰጣችሁት ፈተና አይበቃም። ከሦስት ወር በኋላ ማሽኑ ዘንድ ሂዱና ሠራተኛውን «እስቲ እንዴት እንደምትቆልፈው አሳየኝ» በሉት። ጓጉንቸሩ አቧራ ጠጥቶ ካገኛችሁት፣ ሠራተኛውን ከመውቀሳችሁ በፊት ከማሽኑ እስከተሰቀለበት ድረስ ስንት እርምጃ እንደሆነ ቁጠሩ።