«ተበድረን መቼ እንመልሳለን?»፦ የመቀነስ ሒሳብ፣ ጥንቅሽና የባቲዋ አያቴ

(ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ የደብተር መደብር ጓዳ የተቀዳ ውይይት። ተወያዮቹ የሁለተኛ ክፍል መምህርና ባለሱቋ ናቸው።)

መምህር፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ አንድ አዲስ የሒሳብ አስተማመር እናወራለን። ልጆች ቁጥርን መጀመሪያ በእጃቸው፣ ቀጥሎ በሥዕል፣ በመጨረሻ በምልክት እንዲማሩት የሚያደርግ ነው። እኔም ዘንድሮ ክፍሌ ውስጥ ጀምሬዋለሁና...

ባለሱቋ፦ መጀመሪያ የጥንቅሹን ንገራቸው።

መምህር፦ እሱ በኋላ ይደርሳል።

ባለሱቋ፦ በኋላ ትረሳዋለህ፤ አውቅሃለሁ። አድማጮቻችን፣ ይህ ሰው ለ64 ተማሪዎች «ነገ አሥር አሥር ቁራጭ አገዳ ይዛችሁ ኑ» ብሎ ያዛል። ወሩ ኅዳር ነው። በኅዳር ለደሴ ልጅ አገዳ ስትለው ምን ይገባዋል? ጥንቅሽ ነው እንጂ! ከቆላው መጥቶ በየመንገዱ ዳር ተደግፎ የሚሸጠው። ልጆቹ ጥንቅሻቸውን ቆራርጠው፣ አስረው ሄዱ። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሲደርስ አሥሩ ሰባት፣ ሰባቱም ሦስት ሆኖ ተገኘ።

መምህር፦ የዕለቱ ትምህርት መቀነስ ነበር። ተሳክቷል ማለት ይቻላል።

ባለሱቋ፦ ቁጥሩን እኮ በሉት! ወለሉ በተመጠጠ አገዳ ተሸፈነ። የጽዳት ሠራተኛዋ እስከ ዛሬ ታኮርፈዋለች።

መምህር፦ አሁን ሰላም ብላኛለች። እሺ፣ ወደ ጉዳዩ። ለምን አገዳ አስፈለገኝ? አንድ ልጅ 52 ሲቀነስ 27 ስለው 35 አለኝ። ከጎኑ ያለውም 35። ሌላም 35።

ባለሱቋ፦ ተኮራረጁ።

መምህር፦ አልተኮራረጁም። ከላይ ያለችው 2 ከ7 ስለምታንስ ገልብጠው 7 ሲቀነስ 2 አሉ፤ 5 ሆነ። ከዚያ 5 ሲቀነስ 2፤ 3። ልጆቹ ሰንፈው አይደለም። «ከትልቁ ነው የሚቀነሰው» ብለን ስናስተምራቸው የያዙት ነው። እኔም እንደተማርኩት «የአንድ ቤት ካነሰ ከአሥር ቤት ተበደሩ» አልኩ። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ተበድረን መቼ እንመልሳለን?» አለችኝ።

ባለሱቋ፦ እኔ ከልጅቷ ጋር ነኝ! ይህን ሲነግረኝ ቡና እየቀዳሁ ነበር፤ ረከቦቱ ላይ ደፋሁት። ስማኝማ፣ እኔ የዱቤ ደብተር አለኝ። እዚህ ሰፈር ማን ስንት እንዳለበት አውቃለሁ። አንተም አለህበት።

መምህር፦ እሱን እዚህ ማንሳት አያስፈልግም።

ባለሱቋ፦ ያስፈልጋል እንጂ! የተበደረ ይመልሳል። የአንድ ቤት ግን ከጎረቤቱ አሥር ወስዶ ዝም ይላል። የአሥር ቤትም አንዲት ጎድላበት አይጠይቅም። እንዲህ ያለ ጎረቤት የት አለ? እኔ ይህን ሒሳብ ስማር ለዓመታት አልገባኝም ነበር። መልሱን አገኛለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም። ሱቅ ከከፈትኩ በኋላ ነው የገባኝ። ለካ ብድር አይደለም፤ ዝርዝር ነው!

መምህር፦ እሱን ልል ነበር።

ባለሱቋ፦ እኔ ልበለው። አምስት ባለ አሥር ብር ኖትና ሁለት የአንድ ብር ሳንቲም ይዘሃል። 52 ማለት ነው። 27 ብር ልትከፍለኝ ነው፤ ሰባት ባለ አንድ ግን የለህም። ምን ታደርጋለህ? «አንዷን አሥር ዘርዝሪልኝ» ትለኛለህ። እዘረዝርልሃለሁ። አሁን አራት ባለ አሥርና 12 ባለ አንድ አለህ። ገንዘብህ አልጨመረም፣ አልቀነሰም፤ ያው 52 ነው። ሰባት ከ12 ላይ ስትሰጠኝ 5፣ ሁለት ባለ አሥር ስትሰጠኝ 2 ይቀራል፤ 25። ማን ተበደረ? ማንም!

መምህር፦ አገዳውም ለዚሁ ነው። አሥሩ አንድ ላይ ሲታሰር የአሥር ቤት ይሆናል፤ ሲጎድል እስሩን ይፈቱታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሌ ውስጥ «መበደር» የሚለውን ቃል ትቼ «መዘርዘር» እላለሁ። ሱቅ ያልተላከ ልጅ የለምና ቃሉን ከቤቱ ይዞት ይመጣል።

ባለሱቋ፦ ብድር አይደለም፤ ዝርዝር ነው። እደግመዋለሁ።

መምህር፦ ሁለተኛሽ ነው።

ባለሱቋ፦ አያቴን አስታወሰኝ። ነፍሳቸውን ይማርና አያቴ ባቲ ነበሩ። የሰኞ ገበያን ታውቀዋለህ፤ አፋሩ ግመሉን ይዞ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ደገኛው ቆለኛው የሚገናኝበት። አያቴ ፍየል ይነግዱ ነበር። ፊደል አልቆጠሩም፤ ማባዛት ግን በጠጠር ነበር።

መምህር፦ ይህን ለአድማጮች ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው።

ባለሱቋ፦ 13 ፍየል፣ አንዱ በ24 ብር እንበል፤ የዛሬን ዋጋ አታንሳብኝ። በግራ በኩል 13ን እያጋመሱ ይወርዳሉ፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። ትራፊው ይጣላል። በቀኝ 24ን በእጥፍ እያሳደጉ፦ 24፣ 48፣ 96፣ 192። ከዚያ በግራ ጥንድ፣ ማለትም ለሁለት እኩል የሚከፈል ቁጥር፣ የወጣበትን ረድፍ በእጃቸው ጥርግ! 6 ጥንድ ነው፤ 48 ተጣለ። የቀረውን ይደምራሉ፦ 24፣ 96፣ 192። 312 ብር። አፋሩ ነጋዴ ከፊታቸው ተቀምጦ ይከተላቸዋል፤ አይከራከርም።

መምህር፦ ይህ ዘዴ በውጭ አገር መጻሕፍት ሳይቀር «የኢትዮጵያ ማባዛት» እየተባለ ይጠራል። የጥንት ግብጾችም በእጥፍ እያሳደጉ ያባዙ ነበር። የሚሠራበት ምክንያትም አለው፦ 13 ማለት 8 እና 4 እና 1 ነው። የ24 ስምንት እጥፍ 192፣ አራት እጥፍ 96፣ አንድ እጥፍ 24። 48 የተጣለው 13 ውስጥ ሁለት የሚባል ቁራጭ ስላላስፈለገ ነው። ኮምፒውተርም ቁጥርን የሚይዘው በዚሁ በሁለት እጥፍ መንገድ ነው።

ባለሱቋ፦ አያቴ ኮምፒውተር ነበሩ በለኛ።

መምህር፦ ማለቴ፣ በእጅ ከተጀመረ...

ባለሱቋ፦ ቆይ፣ ቆይ። እዚህ ላይ ልክ አይደለህም። «ለምንድን ነው ጥንዱን የሚጥሉት?» ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። «እናቴ ትጥለው ስለነበር» አሉኝ። በቃ። አሁን ይህ መረዳት ነው ወይስ ሽምደዳ? ጠጠር ይዘው ሸመደዱ እንጂ!

መምህር፦ እጃቸው ተረድቶታል።

ባለሱቋ፦ እጅ አይረዳም።

መምህር፦ አንቺ መጋረጃ ስትቆርጪ ትለኪያለሽ?

ባለሱቋ፦ አልለካም። ለዚያ ነው ያለፈው ያጠረብኝ።

መምህር፦ (ይስቃል) ይሁን። እቃ መያዝ ብቻውን እንደማይበቃ እቀበላለሁ። ለዚህ ነው ሦስት ደረጃ የሆነው። ጀሮም ብሩነር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በፈረንጆቹ 1966 ባሳተመው መጽሐፍ ያስቀመጠው ነው፦ በድርጊት፣ በምስል፣ በምልክት። ሲንጋፖሮች በ1980ዎቹ መጀመሪያ የራሳቸውን የሒሳብ መጽሐፍ ሲያዘጋጁ መሠረት አደረጉት። በ1995 ብዙ አገሮች በተወዳደሩበት ዓለም አቀፍ ፈተናም በሒሳብ አንደኛ ወጡ።

ባለሱቋ፦ ሲንጋፖር ጥንቅሽ የለም።

መምህር፦ ወሳኙ ሥዕሉ ነው። ልጁ አገዳውን ካስቀመጠ በኋላ እስሩን በሠረዝ፣ ነጠላውን በነጥብ ይሥላል። አምስት ሠረዝ፣ ሁለት ነጥብ። አንዷን ሠረዝ ይሰርዝና አሥር ነጥብ ይጨምራል። ቁጥሩን የሚጽፈው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አገዳ አስቆጥረን በማግስቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ባዶ ቁጥር እንደረድራለን።

ባለሱቋ፦ የማባዛት ሠንጠረዡስ? እሱን ቀረ እንዳትለኝ። እኛ በዜማ ነው የያዝነው። ሰባት ስምንት ስትለኝ አፌ ራሱ 56 ይላል።

መምህር፦ አልቀረም። ከገባቸው በኋላ ይያዙት።

ባለሱቋ፦ እኔ ደግሞ ቀድመው ይያዙት፣ በኋላ ይገባቸዋል እላለሁ። ገበያተኛ ቆሞ እየጠበቀኝ እኔ ነጥብ ልሥል ነው?

መምህር፦ አንቺ ሁለተኛ ክፍል አይደለሽም።

ባለሱቋ፦ በዜማ የያዝኩት ግን ሁለተኛ ክፍል ነው!

መምህር፦ እሺ፣ ዜማውንም አልከለክልም። አርብ አርብ ይዘምሩ።

ባለሱቋ፦ አርብ ብቻ? ሰኞም ጨምር፤ ለባቲ ሲባል።

መምህር፦ ሰኞን አስብበታለሁ። በዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ ይረዳናል። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ስንል አሥሩና አንዱ ለብቻ ይሰማሉ። «ሠላሳ» ሦስትን፣ «አርባ» አራትን፣ «ሃምሳ» አምስትን ይመስላል።

ባለሱቋ፦ ሃያስ?

መምህር፦ ሃያ...

ባለሱቋ፦ ሃያ ብቻዋን ቀረች! ሁለትን አትመስልም። የማን ልጅ እንደሆነች አይታወቅም።

መምህር፦ ለዚህ ነው ልጆቹ ሃያ ላይ የሚደናቀፉት። ሁለት እስር አስጨብጣቸዋለሁ። ለማንኛውም ሰዓቱ ሄደ፤ አንድ ነገር ከሱቅሽ እፈልጋለሁ። አገዳውን በመጥረጊያ እንጨት ተክቼዋለሁ።

ባለሱቋ፦ የማይበላ። ጎበዝ።

መምህር፦ ብር የሚታሰርበት ላስቲክ ስጪኝ። 64ቱ ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው ይሠራሉ፤ 32 ጥንድ። ለአንዱ ጥንድ ስድስት እስር።

ባለሱቋ፦ በአያቴ እንሥራው። ግራ፦ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1። ቀኝ፦ 6፣ 12፣ 24፣ 48፣ 96፣ 192። 32 ጥንድ ቁጥር ነው፣ ይጣላል። 16 ይጣላል። 8ም። 4ም... አንተ፣ ሁሉም አለቀ እኮ!

መምህር፦ አንዷ ቀርታለች።

ባለሱቋ፦ አንድ... 192! ወላሂ፣ አያቴ እንዲህ ያለ ገበያ ቢገጥማቸው ምን ይሉ ነበር? እሺ፣ የምሸጠው በመቶ በመቶ የታሸገ ነው። ሁለት እሽግ ውሰድ፤ ስምንት ይተርፍሃል።

መምህር፦ ይበጠሳልና ይጠቅመኛል። ሒሳቡን...

ባለሱቋ፦ አውቄዋለሁ። ልትዘረዝር ነው ወይስ ልትበደር?

መምህር፦ ዛሬስ ልበደር።