ዮሃን ፓሊሳ፦ ከ122 አስትሮይዶች ጀርባ ያለው ካርታ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥነ ፈለክ ወዳጆች፤

የኦስትሪያው ዮሃን ፓሊሳ ስሙ በተነሳ ቁጥር 122 አስትሮይዶች፣ ማለትም በፀሐይ ዙሪያ የሚዞሩ ከፕላኔት ያነሱ አካላት፣ አብረው ይነሳሉ። ቁጥሩ እውነት ነው። ሁሉንም ያገኛቸው ያለ ፎቶግራፍ፣ በዓይኑ እያየ ነው፤ በዚህ መንገድ ከእሱ በላይ ያገኘ ሰው እስከ ዛሬ የለም። እኔ ግን ዛሬ ላወራችሁ የምፈልገው ቁጥሩን ስላስገኘው ሥራ ነው። አንድ አስትሮይድ የት እንዳለ የምናውቀው በአጠገቡ ያሉት ኮከቦች የት እንዳሉ ባወቅንበት ልክ ብቻ ነው። የፓሊሳ ትልቁ ውለታ እነዚያን ኮከቦች በካርታና በመዝገብ ማስፈሩ ይመስለኛል። የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፓሊሳ የተወለደው ዲሴምበር 6 ቀን 1848፣ በያኔዋ የኦስትሪያ ሲሌዝያ ከተማ ትሮፓው ነው። ከተማዋ ዛሬ ኦፓቫ ትባላለች፤ የምትገኘውም በቼክ ሪፐብሊክ ነው። ሒሳብና ሥነ ፈለክን በቪየና ዩኒቨርሲቲ ተማረ፤ በቪየናና በጄኔቫ የምልከታ ጣቢያዎች በረዳትነት ሠራ፤ ከዚያም በ24 ዓመቱ ፖላ በተባለው ወደብ፣ በዛሬዋ ክሮኤሺያ፣ የኦስትሪያ ባሕር ኃይል የምልከታ ጣቢያ ኃላፊ ሆነ። እዚያ የነበረው ቴሌስኮፕ የሌንሱ ስፋት 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ማርች 18 ቀን 1874 በዚሁ መሣሪያ የመጀመሪያ አስትሮይዱን አገኘ። ቁጥሩ 136፣ ስሙ አውስትሪያ ሆነ። ጣሊያናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ፒያዚ በ1801 ፓሌርሞ ላይ የመጀመሪያውን፣ ሴሬስን፣ ካገኘ ወዲህ በ73 ዓመት ውስጥ መላው ዓለም የመዘገበው 135 ብቻ ነበር። ፓሊሳ እስከ 1880 በፖላ ሲቆይ 28 አስትሮይዶችና አንድ ጅራታም ኮከብ አገኘ።

አሠራሩን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። በቴሌስኮፕ ሲታይ አስትሮይድ ከኮከብ አይለይም፤ ሁለቱም የብርሃን ነጥብ ናቸው። የሚለያቸው እንቅስቃሴ ብቻ ነው። አብዛኞቹ አስትሮይዶች ፀሐይ በዓመት ውስጥ በሰማይ ላይ ከምትሄድበት መስመር ብዙ ስለማይርቁ ፍለጋው በዚያ ቀበቶ ላይ ያተኩራል። ከቀበቶውም የሚመረጠው በዚያ ሌሊት ከፀሐይ ተቃራኒ ያለው ክፍል ነው፤ አስትሮይዱ ለምድር የሚቀርበውና የሚደምቀው እዚያ ሲሆን ነውና። ተመልካቹ ካርታውን ዘርግቶ በቴሌስኮፑ ክብ ውስጥ የሚታየውን እያንዳንዱን ነጥብ ከካርታው ጋር ያመሳክራል። በካርታው ላይ የሌለ ነጥብ ካገኘ ከጎረቤት ኮከቦች ጋር ያለውን አቀማመጥ ይሥላል፤ ወደ ሌላ የሰማይ ክፍል ይሄዳል፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሶ ያያል። በዋናው የአስትሮይድ ቀበቶ ያለ አካል በዚህ አቀማመጥ በቀን ሩብ ዲግሪ ያህል ይጓዛል፤ ይህም የሙሉ ጨረቃ ስፋት ግማሽ ነው። በአንድ ሰዓት የሚሄደው ከጨረቃ ስፋት አንድ ሃምሳኛ የማይበልጥ ነው። ጉዞውም ወደ ምዕራብ ይሆናል፤ ምድር በውስጠኛው ምሕዋር ፈጥና ስለምትቀድመው ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላል።

ችግሩ የሚጀምረው ከካርታው ነው። ካርታው ደብዛዛ ኮከቦችን ከዘለለ እያንዳንዱ የተዘለለ ኮከብ አዲስ ግኝት መስሎ የሌሊቱን ሰዓት ይበላል። ድምቀቱ የሚለዋወጥ ኮከብም ዛሬ ታይቶ ነገ ይጠፋና ያሳስታል። ጨረቃ ስትሞላ ደብዛዛዎቹ በብርሃኗ ይዋጣሉ። አስትሮይዱ ከፀሐይ ተቃራኒው አቀማመጥ ብዙ ከራቀ ደግሞ ለጊዜው የቆመ ይመስላል፤ ያኔ የአንድ ሌሊት ምልከታ ምንም አይነግርም። ስለዚህ ፓሊሳ ፍለጋውንና ካርታ ማረሙን ለያይቶ አያያቸውም ነበር። የጎደለ ኮከብ ባገኘ ቁጥር ካርታው ይሞላል፤ ካርታው በሞላ ቁጥር ቀጣዩ ፍለጋ ይፈጥናል።

ከተገኘ በኋላ ልኬት ይመጣል። በዘመኑ ከተለመዱት መሣሪያዎች አንዱ ባለ ቀለበት ማይክሮሜትር ነው። ቴሌስኮፑ ሳይንቀሳቀስ ይቆያል፤ አስትሮይዱና ቦታው የታወቀ ኮከብ ሰማዩ ሲዞር በቀለበቱ ውስጥ ያልፋሉ፤ ተመልካቹ የገቡበትንና የወጡበትን ቅጽበት በሰዓት ይይዛል። ከጊዜው ልዩነት የቦታቸው ልዩነት ይሰላል። እዚህ ላይ አንድ ሰከንድ ቀላል ነገር አይደለም። ሰማይ በአንድ ሰከንድ ውስጥ አስትሮይዱ በ24 ደቂቃ ገደማ የሚጓዘውን ያህል ይዞራል። ስለዚህ ልኬቱ ይደጋገማል፣ አማካዩ ይወሰዳል። የሚመረጠው ኮከብም ለአስትሮይዱ ቅርብ መሆን አለበት፤ አየር ብርሃንን ስለሚያጎብጥ ሁለቱ በከፍታ ከተራራቁ ጉብጠቱ እኩል አይሆንም። ይህ ሁሉ ተሟልቶም የኮከቡ ቦታ በመዝገብ ላይ ከተሳሳተ ስሕተቱ ወደ አስትሮይዱ ይተላለፋል። ፓሊሳ በ1899 ከፍሪድሪክ ቢድሾፍ ጋር የ1,238 ኮከቦች መዝገብ፣ በ1908 ደግሞ የ3,458 ኮከቦች መዝገብ ያሳተመው ለዚህ ነው።

በ1880 ያደረገው ውሳኔ ሰውየውን በደንብ ያሳየናል። ቪየና ውስጥ፣ ቱርከንሻንጸ በሚባለው ከፍታ ላይ፣ አዲስ የምልከታ ጣቢያ ይሠራ ነበር። የደብሊኑ ግሩብ የሠራለት ቴሌስኮፕ ሌንሱ 68 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ከአሥር ሜትር በላይ ነው፤ በሌንስ ከሚሠሩት ውስጥ በጊዜው በዓለም ትልቁ ነበር። ፓሊሳ የፖላውን ኃላፊነት ለቆ በዝቅተኛ ማዕረግ ወደ ቪየና ሄደ። ያለቃነት ወንበር ትቶ መሣሪያ መረጠ። ከ122ቱ 94ቱ የተገኙት ቪየና ላይ ነው።

የጠፉም አሉ፤ የአሠራሩ ደካማ ጎን የሚታየው በእነሱ ነው። ምሕዋርን ለማስላት ቢያንስ ሦስት ልኬቶች ያስፈልጋሉ፤ ልኬቶቹ ግን በጥቂት ሌሊቶች ውስጥ ከተጠጋጉ አስትሮይዱ ፀሐይን አንዴ ለመዞር የሚፈጅበት ጊዜ ስሌት በጥቂቱ ይሳሳታል። ያ ስሕተት በየዙሩ ይደመራል፤ ከአሥር ዙር በኋላ አሥር እጥፍ ነው። በ1875 ያገኘው 155 ሲላ እስከ 1970 ድረስ ጠፍቶ ቆየ። የባሰው 719 አልበርት ነው። ኦክቶበር 3 ቀን 1911 ተገኘ፣ ለጥቂት ሌሊቶች ታየ፣ ከዚያ ደብዛው ጠፋ። ለምድር የሚቀርብ ምሕዋር ስላለው ትንሿ ስሕተት በሰማይ ላይ ሰፊ ሆና ትታያለች። ዳግም የታየው በ2000 ነው፤ 89 ዓመት ቆይቶ።

አልበርት የሚለው ስም ባለሀብቱን ባሮን አልበርት ፎን ሮትሺልድን ያስታውሳል። ፓሊሳ የ1886ቱን የፀሐይ ግርዶሽ ለማየት ገንዘብ ሲፈልግ አንድ አስትሮይድ የመሰየም መብትን በ50 ፓውንድ እንደሚሸጥ አሳወቀ፤ ሮትሺልድ ገዝቶ 250ኛውን በሚስቱ ስም ቤቲና አለው። ከዚያ ቀደም በሜይ 1883 ፓሊሳ ከፈረንሳዩ ዣንሰን ጓድ ጋር ፓሲፊክ ወዳለችው የካሮላይን ደሴት ሄዶ፣ ከሜርኩሪ ወደ ፀሐይ ቀርቦ ይዞራል የተባለውን ፕላኔት፣ ቩልካንን፣ በግርዶሹ ጨለማ ፈልጓል። አላገኘም። በኋላ በ1915 አንስታይን የሜርኩሪን ምሕዋር መዛነፍ ያለ ሌላ ፕላኔት ስላስረዳ፣ የዚያ ቀን ባዶ ውጤት ትክክል እንደነበር እናውቃለን።

በዲሴምበር 1891 የሃይደልበርጉ ማክስ ቮልፍ በፎቶግራፍ አስትሮይድ አገኘ። ለረጅም ሰዓት ብርሃን በሚቀበል የፎቶግራፍ ሳህን ላይ ኮከቦች ነጥብ ሲሆኑ አስትሮይዱ አጭር መስመር ሆኖ ይቀራል፤ ካርታ ማመሳከር ቀረ። ፓሊሳ ይህን እንደ ባላንጣ አላየውም። ቮልፍ ያገኛቸውን ደብዛዛ አካላት በቪየናው ትልቅ ቴሌስኮፕ እየተከታተለ ይለካ ነበር፤ ከሃይደልበርግ ፎቶዎችም ሁለቱ በጋራ ወደ 210 የሚደርሱ የኮከብ ካርታዎችን አዘጋጁ። ቮልፍም ያገኘውን 914ኛ አስትሮይድ ፓሊሳና ብሎ ሰየመው። ፓሊሳ በ1919 ጡረታ ከወጣ በኋላም ምልከታውን አላቋረጠም፤ የመጨረሻውን፣ 1073 ጌሊቫራን፣ በ1923 በ74 ዓመቱ አገኘ። ሜይ 2 ቀን 1925 አረፈ።

ከእሱ ግኝቶች ሁለቱን መንኮራኩሮች በቅርብ አይተዋቸዋል። ጋሊሊዮ የተባለው መንኮራኩር በኦገስት 1993 በ243 አይዳ አጠገብ ሲያልፍ ዳክቲል የተባለችውን ትንሽ ጨረቃ አገኘ፤ በአስትሮይድ ዙሪያ የተረጋገጠች የመጀመሪያዋ ጨረቃ እሷ ናት። ኒር ሹሜከር በጁን 1997 በ253 ማቲልድ አጠገብ በ1,212 ኪሎ ሜትር ርቀት አለፈ። የማቲልድ ክብደት ሲሰላ ውስጡ ግማሽ ያህል ባዶ እንደሆነ፣ አንድ ዙር በራሱ ለመዞርም ከ17 ቀናት በላይ እንደሚፈጅበት ታወቀ።

ለማየት ለምትፈልጉ፣ የምመርጥላችሁ በፌብሩዋሪ 1892 የተገኘውን 324 ባምበርጋን ነው። ምሕዋሩ በጣም ሞላላ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ደብዛዛ ነው፤ በየ22 ዓመቱ ገደማ ግን ለምድር ቀርቦ እስከ 8ኛው የድምቀት ደረጃ (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ይደምቃል) ይደርሳል። ይህ በጨለማ ቦታ በባይኖኩላር የሚታይ ነው። ባለፈው የቀረበው በ2013 ነበር፤ ቀጣዩ ሴፕቴምበር 2035 ነው። ባይኖኩላሩን በማቆሚያ ላይ እሰሩት፣ የምታዩትን ኮከቦች በወረቀት ሣሉ፣ ሰዓቱን ጻፉ፣ በማግስቱም በዚያው ሰዓት እንደገና ሣሉ። በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ቦታ የቀየረው ነጥብ እሱ ነው።

አመሰግናለሁ።